ሳቁ ይቀነስ

ለሕዝብ ደስታ ሲሉ እንቅልፍ ያጡ ኃላፊዎች በየዘመኑ ነበሩ፤ ሕዝብ ደስ ስላለው እንቅልፍ ያጣ ኃላፊ ግን አቶ ሽባባው የመጀመሪያው ሳይሆኑ አይቀሩም። ይህን የመሰለ ተሞክሮ ሳይቀመር ቢቀር የትውልድ ኪሳራ ነውና እነሆ ተቀምሮ ቀርቧል። የመሥሪያ ቤቱን ስም አንጠራም። ቡታጅራ ውስጥ እንደሚገኝ፣ በሩ ላይ የተሰቀለው ሰሌዳ ከበሩ እንደሚሰፋ፣ ሥራውም ባህልና ኪነ ጥበብን ማልማት እንደሆነ ማወቅ ይበቃል። ኪነ ጥበብ በዚያ ግቢ እንደ መስቃን በርበሬ ይለማል፤ በዕቅድ ይዘራል፣ በስብሰባ ይኮተኮታል፣ በሪፖርት ይሰበሰባል። ከዚያ በኋላ የት እንደሚገባ ጠይቆ የሚያውቅ የለም።

አቶ ሽባባው የዚህ ልማት መሪ ናቸው። ከሰሜን ለሥራ መጥተው፣ ልጆቻቸው ከሰፈር ልጆች ጋር በጉራጊኛ እስኪሰዳደቡ ድረስ ቡታጅራ ላይ ኖረዋል። ፊታቸው ሁልጊዜ የመክፈቻ ንግግር ሊያደርጉ የተነሱ ሰው ፊት ነው። ሊናገሩ ሲሉ «ኧህም፣ ኧህም» ብለው ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ፤ ቀጥለው «ከዚህ አንጻር» ይላሉ፤ ከምን አንጻር እንደሆነ ግን ለአድማጭ ይተዋሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ዓለምዘውድ እንደምትለው ከሆነ፣ ለትዳር ሲጠይቋትም አባቷ ፊት ቆመው የጀመሩት «ከዚህ አንጻር ልጅዎን» ብለው ነው።

እንዲህ ያለ ሰው የሚገባው የበላይ መሥሪያ ቤቱ ያለበት ወልቂጤ ነው። እዚያ አንድ የመምሪያ ኃላፊ ጡረታ ወጥተው ወንበራቸው ባዶ ነበር። አቶ ሽባባው ለስብሰባ በሄዱ ቁጥር በተገረበበው በር አሻግረው ያዩታል። የቆዳ ነው፤ ይሽከረከራል። በሹመቱ ላይ የመጨረሻውን ቃል የሚናገሩት የበላያቸው አቶ ደረጄ አንድ ቀን ትከሻቸውን መታ አድርገው «ሽባባው፣ ለዚያ ወንበር የምንፈልገው ከባድ ሰው ነው» አሏቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ አቶ ሽባባው ደረጃ ሲወጡ እንኳን ከበድ ብለው ነው የሚወጡት። ወንበሩን ይፈልጉት ነበር ብንል አንዋሽም፤ ሰው ውኃ ሲጠማው እንደሚፈልገው ነበር የሚፈልጉት።

ነገሩን ያበላሸው ዕቅድ ነው። የዓመቱ ዕቅድ «አንድ መልዕክት አዘል ሙዚቃዊ ተውኔት እና የድምፅ ቅጂው» ይል ነበር። ጽሑፉን የትምህርት ቤት የኪነት ክበብ የምትመራው መምህርት ማርቲ እንድትጽፍ ተደረገ። ማርቲ ጽፋ ያመጣችው «ሁለት ሙሽሪት ባንድ ባጃጅ» የሚል ነው። ባንድ ቀን የሚዳሩ ሁለት ሴቶች፣ በከተማው ሌላ ባለ አበባ ባጃጅ ስለጠፋ፣ ባንዱ ይሳፈራሉ። ባለባጃጁ ዞሮበት ወደ ጎረቤት ከተማ እንሴኖ የምትሄደውን ሙሽሪት ገጠር፣ የገጠሯን እንሴኖ አድርሶ ይሄዳል። ሁለቱም አማቶች የልጃቸውን እጮኛ በዓይናቸው ሳያዩ ለጎረቤት ሲያሞግሱ የከረሙ ናቸውና፣ ስህተቱ ሲታወቅ «ይቺ የኛ አይደለችም» ብሎ ለመናገር ሁለቱም ያፍራሉ። የቀረው ዘፈን ነው። በመጨረሻ ሁሉም በዚያው ባጃጅ ላይ ተደራርበው ሲመለሱ ባጃጁ ይገለበጣል፤ ማንም አይጎዳም፣ ማንም አይማርም።

አቶ ሽባባው አርእስቱንና የመጨረሻውን ገጽ አንብበው አጸደቁ። በምረቃው ዕለት ከፊት ተቀምጠው ነበር፤ ስልክ ሲደወልላቸው ሲወጡ፣ ሲገቡ፣ ሰው ሁሉ ሲስቅ «ምን አለ?» ብለው ጎናቸው ያለውን ሲጠይቁ ተውኔቱ አለቀ። ቅጂው ደግሞ የተቀዳው ባለባጃጁን የሚጫወተው ሙባሪክ ቤት ነው። ሙባሪክ በእውነትም ባጃጅ ይነዳል፤ ቀረጻም ይሠራል። ግድግዳው ላይ ፍራሽ አቁመው፣ መብራት ሳይጠፋ ለመጨረስ እየተጣደፉ ቀዱት። በዚህ ጥድፊያ ከዘፈኑ ጋር የተዋንያኑ ሳቅ፣ የባጃጁ ክላክስ፣ ገበያ ላይ በርበሬ የምትሸጠው ሀሊሜ የአማትነቱን ቃል ስትሳሳትና ራሷን ስትቆጣ፣ ሁሉም አብሮ ገባ።

ይኸው ጉድፍ ሁሉ ያለበት ቅጂ ከስልክ ወደ ስልክ ተሻገረ፤ ከዚያ ያቆመው የለም። በርበሬ ቤት ይዘፈናል፣ ወፍጮ ቤት ይዘፈናል፣ የእንሴኖ ሚኒባስ ያለሱ አይንቀሳቀስም። ጉድጓድ ላይ በተደረሰ ቁጥር ተሳፋሪው ባንድ ድምፅ ይቀበላል።

«ቀስ በል ባለባጃጅ፣ ጉድጓዱን እለፈው፣
ይቺን ሙሽሪትማ ማን ነበር የጫነው።»

ተኮራርፈው የነበሩ ባልና ሚስት ይህን ሲሰሙ ታረቁ ተባለ። ክሊኒክ ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ሕመሙን ረስቶ ወረፋው አለፈው ተባለ። አቶ ሽባባው ራሳቸው አንድ ጠዋት ጺማቸውን ሲላጩ «ቀስ በል ባለባጃጅ» እያሉ ተገኙ። ወይዘሮ ዓለምዘውድ በሩ ላይ ቆማ ስታያቸው «ኧህም» ብለው ውኃውን ዘጉ።

በዚያው ሳምንት ከወልቂጤ ስልክ መጣ። አቶ ደረጄ ናቸው።

«ሽባባው፣ ይሄ የባጃጅ ዘፈን የናንተ ነው?»

«አዎ ክቡር ኃላፊ፤ በዕቅዳችን መሠረት የተከናወነ ነው።»

«ሾፌሬ ይዘፍነዋል። ጸሐፊዬ ትዘፍነዋለች። ትናንት ልጄ እራት ላይ ዘፈነው። መልዕክቱ ምንድነው?»

አቶ ሽባባው መስኮቱን አዩ፣ ጣሪያውን አዩ፣ መልዕክቱ የትም የለም። «መልዕክቱ በሂደት ላይ ነው» አሉ።

«እሺ፣ ሕዝቡ ለምንድነው የወደደው?»

«እሱን አላጠናነውም።»

«አየህ፣ እኛ ሳናስወድደው የተወደደ ነገር እኔን ያሳስበኛል። ዛሬ ባጃጅ ወደደ፤ ነገ ምን እንደሚወድ በምን ታውቃለህ? አጥናና አስተካክለው። ወንበሩ ሰው እየጠበቀ ነው።»

ታላላቅ ሥራዎች የሚጀመሩት በእንዲህ ያለ ጥያቄ ነው። በማግስቱ «የድምፅ ቅጂው የተወደደበትን መንስኤ አጣሪ ኮሚቴ» ተቋቋመ። ሰብሳቢው አቶ ሽባባው፣ ጸሐፊው የዕቅድ ባለሙያው ያረጋል፣ የኅብረተሰቡ ተወካይ ደግሞ ሐጂ ጀማሉ ሆኑ። ሐጂ ጀማሉ ሽማግሌ የበርበሬ ነጋዴ ናቸው፤ ኅብረተሰብ በሚፈለግበት ኮሚቴ ሁሉ ኅብረተሰቡ እሳቸው ናቸው።

ኮሚቴው ቢሮ ተቀምጦ አልፈረደም፤ እንሴኖ ገበያ ድረስ ወርዶ ሕዝብ አነጋገረ። ያረጋል ቃሪያ የምትሸጥ አንዲት ሴት ፊት ቆመ።

«እናቴ፣ ይህን ቅጂ ለምን ወደዱት?»

«ደስ ይላላ።»

«ደስ የሚለው ከምን የተነሳ ነው?»

«ከመስማት።»

«ከሰሙት በኋላ በቤተሰብዎ ላይ የታየ የባህርይ ለውጥ አለ?»

ሴትዮዋ ቃሪያዋን መለስ መለስ አደረገች። «ባሌ ይስቃል» አለች። «አፈሩ ደርቆ፣ ዝናቡ ቀርቶ፣ ልጁ ከሄደ ወዲህ ስቆ አያውቅም ነበር። አሁን አማቶቹ ጋ ሲደርስ ይስቃል። አንዳንዴ ከመድረሱ በፊትም ይጀምራል።»

«ከሳቀ በኋላስ ምን ያደርጋል?»

«ይበላል።»

ያረጋል ብዕሩን አንስቶ አቶ ሽባባውን አያቸው። አቶ ሽባባው ራሳቸውን ነቀነቁ። ደስ ማለት በባለሙያ ዓይን መልስ አይደለም፤ አይጠቃለልም፣ ከአምናው ጋር አይነጻጸርም። የጠየቁት ሁሉ ያንኑ ስለመለሰ ኮሚቴው «ኅብረተሰቡ የወደደበትን ምክንያት የማወቅ ክፍተት አለበት» ብሎ ደምድሞ ተመለሰ።

ቀጥሎ ቅጂውን በጋራ መስማት ሆነ። ትልቁ አዳራሽ ተከፈተ፤ የታሸገ ውኃ ተደረደረ፤ ድምፅ ማጉያው ጠረጴዛ ላይ እንደ ተከሳሽ ተቀመጠ። ዘፈኑ ሲጀምር ሁሉም እጃቸውን አጣጥፈው ወለሉን አዩ። ባለባጃጁ ሙሽሮቹን ሲያቀያይር ያረጋል ከንፈሩን ነከሰ። የሀሊሜ ድምፅ «የኔማ ምራት፣ እንሰት ስትፍቅ ቢላው ይሳሳላታል» ብሎ በማያውቃት ሙሽሪት ሲመካ፣ ሐጂ ጀማሉ መንጋጋቸው እስኪወልቅ ሳቁ። ስብሰባው ቆመ።

«ሐጂ፣ ምን አሳቀዎት?» አሉ አቶ ሽባባው። «ለጥናቱ ይጠቅመናል።»

ሐጂ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። «እናቴ፣ አላህ ይማራት፣ ሚስቴን እንዲሁ ነበር ያመሰገነቻት። ሳታያት። ሲያገናኙን አየቻትና ለሦስት ቀን አልተናገረችም። ከዚያ ‹እንዳልኳችሁ ናት› አለች።»

«እና መልዕክቱ?»

«መልዕክት እንኳ የለውም። እናቴ ትዝ አለችኝ፤ ይኸው ነው።»

ያረጋል ግን ዝም አላለም። መልዕክቱ የመንገድ ደኅንነት ሊሆን እንደሚችል ጠቆመ፤ ባጃጁ ከአቅም በላይ ጭኗል። አቶ ሽባባው ይህን ለመቀበል ሲያዘነብሉ፣ ያው ያረጋል «ጉድጓዱን እለፈው» የሚለው ግን መንገዱን ያልጠገነውን አካል ሊነካ እንደሚችል አስታወሳቸው። መልዕክት ሳይኖር ስጋት ሆነ፤ መልዕክት ሲገኝለት ባሰ። በመጨረሻ ኮሚቴው ከብዙ ድካም በኋላ መንስኤውን ደረሰበት። ሰው የሚስቀው ቅጂው ውስጥ ሳቅ ስላለ ነው። ሳቁ ቢቀነስና በየዘፈኑ መሐል የኃላፊ ማብራሪያ ቢገባ፣ ቅጂው ተወዳጅነቱን እንደጠበቀ መልዕክት ያስተላልፋል። ውሳኔው በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ሐጂ ጀማሉ ሰላት ደርሶባቸው ወጥተው ስለነበር በሙሉ ድምፁ ውስጥ አልነበሩም።

ስለዚህ አቶ ሽባባው ራሳቸው፣ ከራቫታቸውን አጥብቀው፣ ወደ ሙባሪክ ቤት ሄዱ። ተዋንያኑ በፍራሾቹ መሐል ቆመው ይጠብቃሉ። ሙባሪክ መሣሪያው ጋ ተቀምጧል።

«መቅዳት ጀምሬያለሁ» አለ። «መብራት ሳይሄድ ባንድ ትንፋሽ ብንጨርሰው ይሻላል። የሚቆረጠውን በኋላ እቆርጣለሁ።»

አቶ ሽባባው «እቆርጣለሁ» የሚለውን ቃል ሲሰሙ ደማቸው ፈላ። ከዚህ በፊት ለአንድ ሬዲዮ ረጅም ቃለ ምልልስ ሰጥተው፣ ሲተላለፍ ስማቸውና «አመሰግናለሁ» ብቻ ቀርቶ ያውቃል። በዚያን ዕለት ዘመዶቻቸውን ሁሉ ሰብስበው ነበር።

«ከኔ ንግግር አንዲት ቃል እንዳትቆረጥ» አሉ።

«አንዲትም?»

«አንዲትም።»

«ከየት ጀምሮ ነው ኃላፊ?»

«ከገባሁ ጀምሮ እስክወጣ ድረስ። ገባህ?»

«እሺ» አለ ሙባሪክ። ሙባሪክ የታዘዘውን የሚፈጽም ሰው ነው፤ ለዚህ ማንም ሊወቅሰው አይገባም።

ሀሊሜ የአማትነቱን ዘፈን ዘፍና እንደ ልማዷ ስትስቅ አቶ ሽባባው እጃቸውን አነሱ። «ሳቁ ይቀነስ።»

«በምን ያህል?»

«በግማሽ።»

ሀሊሜ አሰበችና «ሃ» አለች። «አሁንስ?»

«እሱም ቢሆን ቀላል ሳቅ ነው። ከበድ ያለ ሳቅ ይሁን።»

«ከባድ ሳቅ እንዴት ነው? አሳዩኝ እስቲ።»

አቶ ሽባባው አሳዩዋት። «ኧህም፣ ኧህም» ነበር። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ፊቱን ወደ ፍራሽ አዞረ።

ማርቲ በትዕግሥት ለማስረዳት ሞከረች። «አቶ ሽባባው፣ ሙሽሮቹ ሲቀያየሩ ሰው መሳቅ አለበት። ለዚያ ነው የተጻፈው።»

«ይሳቅ፤ እኔ አልከለከልኩም። ግን ግንዛቤ ይዞ ይሳቅ።»

«ግንዛቤውን የት ያስቀምጠዋል?»

«እሱን አቅጣጫ እናስቀምጥበታለን። ክላክሱም ይውጣ።»

«ባጃጅ ነው እኮ» አለ ሙባሪክ።

«ክላክስ የሌለው ባጃጅ አይቻልም?»

«ይቻላል፤ ሰው ይገጫል እንጂ።»

ከዚያ አቶ ሽባባው ማብራሪያቸውን ጀመሩ። «ኧህም። የተከበራችሁ አድማጮች፣ ከላይ እንደሰማችሁት ሁለት ሙሽሪቶች ከመዳረሻቸው ውጪ ደርሰዋል። ከዚህ አንጻር፣ የሙሽራ ሥርጭታችን ፍትሐዊ ሊሆን ይገባል።» እዚህ ላይ ስልካቸው ጮኸ። «አቤት ዓለምዬ። ሥራ ላይ ነኝ። ለሕዝብ እየተናገርኩ ነው። ካልሲው አልጋ ሥር ነው። አልጋ ሥር፤ ከሻንጣው ኋላ። እሺ የኔ እመቤት።» ስልኩን ዘግተው «ከዚህ አንጻር» ብለው ካቆሙበት ቀጠሉ። ሲጨርሱ ከራቫታቸውን ላላ አደረጉ፤ በሩ ላይም ደርሰው፣ ማንም የሚሰማቸው ሳይመስላቸው፣ «ቀስ በል ባለባጃጅ» እያሉ ወጡ።

የተሻሻለው ቅጂ በፍላሽ ሆኖ ለማጽደቂያ ቢሯቸው መጣ። አቶ ሽባባው «ሰምቼ አጽድቄያለሁ» ብለው ማኅተም አደረጉበት። አልሰሙትም። ይህን ስንፍና ነው የሚል ካለ ሥራውን አያውቅም፤ ኃላፊ የተናገረውን ራሱ መልሶ ከሰማ በራሱ አይተማመንም ማለት ነው። ቅጂው በየመሥሪያ ቤቱና በየመናኸሪያው ተሠራጨ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አቶ ሽባባው «የሕዝብ ፍቅር» ብለው ነበር የተረዱት። መንገድ ላይ የማያውቋቸው ሰዎች ፈገግ ይሉላቸው ጀመር። ሥጋ ቤት ሲገቡ ከወረፋው አስቀደሟቸው። የባጃጅ ነጂዎች ሲያዩዋቸው ክላክስ አይነፉም፤ «ኧህም፣ ኧህም» ይሏቸዋል፤ አቶ ሽባባውም ከተማውን ጉንፋን ይዞታል ብለው አዘኑ። አንድ ሰው ተከትሏቸው መጥቶ «ካልሲው ተገኘ ወይ ጋሼ?» ሲላቸው፣ ሕዝቡ እስከ ቤታቸው ድረስ እንደሚያስብላቸው አይተው እንባ አቀረሩ።

ወይዘሮ ዓለምዘውድ ብቻ አንድ ማታ፣ «ሽባባው፣ ያንን ቅጂ ሰምተኸዋል?» አለቻቸው።

«አጽድቄዋለሁ።»

«ሰምተኸዋል ወይ ነው ያልኩህ።»

«ዓለምዬ፣ ነገ ወልቂጤ ተጠርቻለሁ። ተሞክሮ አቅራቢ ነኝ። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን አንቺም ታውቂያለሽ።»

ዓለምዘውድ አየቻቸው፤ ደስታቸውን አየች፤ ሸሚዛቸውን ተኮሰች። ብትነግራቸው ይሻል ነበር፤ ግን ሰውየው ለዓመታት እንዲህ ደስ ብሎት አላየችውም ነበርና ልቧ እምቢ አላት።

የወልቂጤው አዳራሽ ሙሉ ነበር። አቶ ደረጄም ቅጂውን አልሰሙም፤ ማኅተም ያለበትን ነገር ደግሞ መስማት አለመተማመን ነው። «የተሻሻለ፣ መልዕክት አዘል፣ ሞዴል ሥራ» ብለው አስተዋውቀው አቶ ሽባባውን ወደ መድረክ ጋበዙ።

አቶ ሽባባው ወጥተው ቆሙ። «ኧህም» አሉ።

አዳራሹ ሳቀ። አቶ ሽባባው ወደ ኋላ ዞረው አዩ፤ ከኋላቸው ባነር ብቻ ነው ያለው። «የተከበራችሁ ተሳታፊዎች» አሉ፤ ሳቁ ጨመረ። «ከዚህ አንጻር» ሲሉ አንድ የወረዳ ኃላፊ ከወንበሩ ተንሸራቶ ወረደ። አቶ ሽባባው የሚያውቁት አንድ መድኃኒት ብቻ ነውና የባሰ ኮስተር አሉ፤ እሳቸው ሲኮሳተሩ ሕዝቡ እየባሰበት ሄደ። ጽሑፋቸውን አልተዉም። ላባቸው ሸሚዙን አልፎ ኮታቸው ላይ እስኪወጣ አነበቡ። በመጨረሻ ትዕግሥታቸው አለቀና ጠረጴዛውን መትተው፣ ከልባቸው ተቆጥተው፣ «ሳቁ ይቀነስ» አሉ።

ሰው ብድግ ብሎ አጨበጨበ። ከኋላ በኩል «ካልሲው» የሚል ድምፅ ተሰማ።

አቶ ደረጄ ሥርዓት ለማስያዝ ተነሱ። ማይክሮፎኑን ጨበጡ፤ ጸጥታ እስኪሰፍን ጠበቁ፤ ሰፈነላቸው። «የተከበራችሁ ተሳታፊዎች» አሉ በዚያ ሁሉም በሚያውቀው ከባድ ድምፃቸው፤ «ከዚህ አንጻር»።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አቶ ደረጄ በሥራ ዘመናቸው ሁሉ እንደዚያው ሲናገሩ ኖረዋል፤ ቃሉም ያው ነው፣ ድምፁም ያው ነው፤ እስከዚያች ቀን ድረስ የሳቀ ሰው አልነበረም። ሌላም ተናጋሪ ሞከረ፣ ሌላም። የመዝጊያ ንግግር የሚያደርግ ጠፍቶ ስብሰባው ሳይዘጋ ተበተነ፤ ምናልባት እስካሁን አልተዘጋም።

ኋላ ቢሮ ውስጥ ሁለቱ ብቻቸውን ሲቀሩ አቶ ደረጄ በሩን ዘጉ።

«ክቡር ኃላፊ፣ እኔ አንድም ቀልድ አልተናገርኩም» አሉ አቶ ሽባባው።

«አውቃለሁ» አሉ አቶ ደረጄ። «እኔም አልተናገርኩም።»

«ወንበሩስ?»

«ወንበሩን ትተኸው ብትሄድ ይሻላል። አሁን አንተን እዚያ ባስቀምጥ፣ ሰው አንተን አይቶ እኔን ሲሰማ ምን ሊሆን ነው?» ጉሮሯቸውን ሊጠርጉ አሰቡና ተዉት። «በሰላም ግባ።»

አቶ ሽባባው በአረቅጥ ከተማ በኩል ወደ ቡታጅራ በሚያልፈው ሚኒባስ ተሳፈሩ። ከራቫታቸውን አውልቀው ኪሳቸው ከተቱ። ወንበሩ እንደሄደ ገብቷቸዋል፤ ለምን እንደሄደ ግን ገና አልገባቸውም። አረቅጥ ላይ አንዲት ጎልማሳ ሴት ቅቤ በቅጠል ጠቅልላ ይዛ ገብታ ከጎናቸው ተቀመጠች፤ «አሰላሙ ዓለይኩም» ብላ መንገደኛውን ሁሉ ሰላም አለች። ሹፌሩ ዘፈን ከፈተ።

ባጃጁ፣ ሙሽሮቹ፣ ሀሊሜ፤ ከዚያ አንድ ሰው «ከኔ ንግግር አንዲት ቃል እንዳትቆረጥ» አለ። አቶ ሽባባው ያንን ድምፅ የሚያውቁት መሰላቸው። ደግነቱ ቅጂውን እስኪያልቅ ሰሙት፤ መውረጃ አልነበራቸውም። «ኧህም፣ ኧህም» ሲል ሰሙት፤ ካልሲውን ሰሙ፤ «የሙሽራ ሥርጭታችን» ሲል ሰሙ፤ በመጨረሻም በሩ ላይ ደርሶ ለብቻው ሲዘፍን ሰሙት። ሚኒባሱ ውስጥ ሕጻን ያዘለችውም፣ ጆንያ ያቀፈውም ይስቃል። ሹፌሩ ለመሳቅ ፍጥነት ቀነሰ።

«ይሄ ሰውዬ ይገድለኛል» አለች ሴትዮዋ እንባዋን እየጠረገች። «አላህ ዕድሜ ይስጠው። ቤታችን ሰው ታሞ ነበር፤ በሱ ነው የከረምነው። የእውነት ኃላፊ ነው ይላሉ ደግሞ፤ እኔ አላምንም።»

«ለምን?» አሉ አቶ ሽባባው።

«እንዴ፣ የእውነት ሰው እንዲህ ይናገራል? አዋቂ ተዋናይ ነው እንጂ። ኃላፊዎቹን አጥንቷቸው ነው፤ አንዲት አልቀረችው።» ወደ እሳቸው ዞር አለች። «አንተስ ወንድሜ፣ ምንድነው ሥራህ?»

አቶ ሽባባው ጉሮሯቸውን አሳከካቸው፤ በግድ ዋጡት። «ከዚህ አንጻር» አፋቸው ድረስ መጣ፤ እሱንም ዋጡት።

«ቲያትር ነው የምሠራው» አሏት።

ሴትዮዋ ከላይ እስከ ታች አየቻቸው፤ አዘነችላቸው መሰለ።

«እንግዲያው» አለቻቸው፣ በአገጯ ወደ ድምፅ ማጉያው እያመለከተች፣ «ከሱ ተማር።»